የተማሪዎች የግል ፕሮጀክት ዐውደ ርዕይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ጅማ ውስጥ የትምህርት ቤታችንን ዓመታዊ ዐውደ ርዕይ ማስተባበር ከጀመርኩ ወዲህ፣ ወላጆችና ተማሪዎች ቢሮ በር ላይም ባጃጅ ውስጥም የሚጠይቁኝን ከነመልሱ ጽፌዋለሁ።

ዐውደ ርዕዩ ምንድን ነው?

ተማሪዎቻችን ራሳቸው በመረጡት ጉዳይ ላይ ለወራት የሠሩትን ይዘው የሚቀርቡበት ቀን ነው። በዓመት አንዴ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አዳራሽ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ይሰጠዋል። ጠረጴዛው ላይ ሥራው ይቀመጣል፤ ከኋላ ጽሑፍና ሥዕል የተለጠፈበት ካርቶን ይቆማል፤ ከጎን ማስታወሻ ደብተሩ ይቀመጣል። ልጁ እዚያው ቆሞ ለመጣው ሰው ሁሉ ያስረዳል።

ከአሳይመንት የሚለየው ጥያቄውን ማን አመጣው በሚለው ነው። አሳይመንት ላይ ጥያቄውን የሚያወጣው አስተማሪ ነው፤ መልሱንም ያውቀዋል። እዚህ ጥያቄው የልጁ ነው፤ መልሱን ብዙ ጊዜ እኛም አናውቀውም። በዚህ ምክንያት ከዓመቱ ቀናት ሁሉ እኔ በጉጉት የምጠብቀው ይህንን ቀን ነው።

መቼ ነው?

ግንቦት መጀመሪያ ላይ ባለ ቅዳሜ፣ ከጠዋት እስከ ቀትር። ሐሙስ እንዲሆን የጠየቁን ነበሩ፤ ግን ሐሙስ ትልቁ የገበያ ቀን ስለሆነ ብዙ እናቶች መምጣት አይችሉም። ርዕስ የሚመዘገበው ከጥቅምት እስከ ኅዳር መጨረሻ ነው።

የግንቦት ሰማይ ጅማ ላይ አይታመንም። ካርቶኑን በላስቲክ ጠቅልላችሁ አምጡ።

መሳተፍ ግዴታ ነው?

አይደለም። ከ5ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ያለ ማንኛውም ተማሪ መመዝገብ ይችላል። 6ኛ እና 8ኛ ክፍሎች ፈተና ስላለባቸው ከወላጅ ጋር ተማክረው ይወስኑ። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በእንግድነት ይመጣሉ።

ሳይንስ ብቻ ነው እንዴ?

አይደለም። "ፕሮጀክት" ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሽቦና አምፖል ነው። ታሪክ፣ ቋንቋ፣ ሒሳብ፣ ሥዕል፣ ስፌት፣ ምግብ፣ የእንጨት ሥራ ሁሉም ይገባል።

አንድ ተማሪያችን የጅማን በርጩማ ይዞ ቀረበ። ጥያቄው "ለምንድን ነው እግሩ ሦስት የሆነው?" የሚል ነበር። ከአጎቱ ጋር አንድ ባለ ሦስት፣ አንድ ባለ አራት እግር ትንንሽ በርጩማዎች ጠረበ። ከዚያ ግቢው ውስጥ ወጣ ገባ መሬት ላይ እየዞረ አስቀመጣቸው። ባለ አራቱ በየቦታው ይወዛወዛል፤ ባለ ሦስቱ ግን የትም ቢቀመጥ ጸጥ ይላል። ሦስት ነጥቦች ምንጊዜም አንድ ጠፍጣፋ ላይ ያርፋሉ፤ አራተኛው ሲጨመር ግን አንዱ እግር አየር ላይ ሊቀር ይችላል። የድሮ ጠራቢዎች በሲሚንቶ ወለል ላይ አልነበረም የሚቀመጡት። ይህ ታሪክ ነው ጂኦሜትሪ? የእንጨት ሥራ ነው? ልጁም አልለየውም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ልጄ ርዕስ አጣች። ከኢንተርኔት ብንፈልግላትስ?

ኢንተርኔቱን ለጊዜው ተዉት። እዚያ የሚገኘው ዝርዝር ለሌላ አገር ልጅ የተጻፈ ነው፤ ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅሎ እሳተ ገሞራ ማስመሰል ዋናው ነው። ያምራል፤ ትንንሾቹም ይወዱታል። ግን ልጅቱ ከመጀመሯ በፊት ምን እንደሚሆን ታውቃለች። የሚታወቅ ነገር ደግሞ ሦስት ወር አያስሮጥም።

ከዚያ ይልቅ ለአንድ ሳምንት ትንሽ ደብተር ኪሷ ውስጥ ትያዝ። "ለምን?" ያለችበትን ሁሉ ትጻፍ፤ ሞኝ ጥያቄ ቢመስላትም ትጻፈው። ከእንደዚህ ዓይነት ደብተሮች ያነበብኳቸው ጥቂቶቹ እነዚህ ናቸው። እማዬ ጀበናውን ለምን በእንጨት ቁራጭ ሳይሆን በሣር ትከድነዋለች? የጎረቤታችን እንጀራ ዓይን ሲያወጣ የኛ ለምን ድፍን ይሆናል? ጣራችን ላይ የሚወርደው ዝናብ ስንት ጀሪካን ይሞላል? ዝናብ ሲመጣ ጉንዳን ከየት አውቆ ነው የሚሸሸው? አያቴ አማርኛ ስትናገር ለምን አንዳንዱን ቃል በኦሮምኛ ትጨርሰዋለች? እያንዳንዱ ለአንድ ዓመት ሥራ ይበቃል።

እኛ ያለንበት ቦታ ራሱ በጥያቄ የተሞላ ነው። ቡናው እዚህ አለ፤ መልኮ ላይ ቡና የሚያጠና የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። የአዌቱ ወንዝ ከተማውን ሰንጥቆ ያልፋል። ቦዬ ላይ ረግረጉና ወፎቹ አሉ። ጅሬን ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከነእንጨቱ ቆሟል። ልጅቱ በየቀኑ የምታልፍበትን መንገድ ዓይኗን ከፍታ ትለፍበት።

ርዕሱ "በጣም ሰፊ ነው" ተብሎ ተመለሰብን። ምን ማለት ነው?

"ቡና" ርዕስ አይደለም። "የቡና ጥቅምና ጉዳት" ደግሞ ድርሰት ነው። "ቀይ እሸት ቡና ከመሬት ከፍ ባለ ማድረቂያ አልጋ ላይ ሲሰጣና መሬት ላይ ሸራ ተነጥፎ ሲሰጣ የቱ ቶሎ ይደርቃል?" የሚለው ግን ጥያቄ ነው። ምን እንደሚቀየር ይታወቃል፤ ምን እንደሚለካም ይታወቃል። ልጁ እኩል ኪሎ ለሁለት ይከፍላል፤ በየማታው ይመዝናል፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ይጽፋል።

በታሪክም እንደዚሁ ነው። "የጅማ ታሪክ" የአንድ ሰው ዕድሜ ይጨርሳል። "አያቴ ልጅ ሳለች ሂርማታ ገበያ ውስጥ ምን ይሸጥ ነበር? ዛሬስ ከዚያ ውስጥ የትኛው ጠፋ?" ግን በአራት አምስት ቃለ መጠይቅና በሁለት የገበያ ቀን ይሠራል። ይህን ይዛ የመጣች ልጅ አሁን ስማቸው ብቻ የቀረ ዕቃዎችን ዝርዝር ይዛ መጣች። የጎበኟት አዛውንቶች ዝርዝሩ ላይ ቆመው እርስ በርስ መጨቃጨቅ ጀመሩ። ከልጅቱ ጠረጴዛ አልለይ አሉ።

መቼ መጀመር ይሻላል?

እንደ ርዕሱ ነው፤ ብዙ ልጅ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በአካባቢያችን ቀይ እሸት ቡና የሚለቀመው በዋናነት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። እሸት ላይ ልሥራ ያለ ልጅ የካቲት ላይ ቢነሳ ዛፉ ላይ ምንም አያገኝም። የቡና ዘር ላብቅል ያለ ደግሞ ትዕግሥት ያስፈልገዋል፤ ዘሩ ከአፈር ብቅ ለማለት ከወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ይወስዳል። ሁለት ሳምንት ሲቀረው ተክሎ ባዶ ኩባያ ይዞ የመጣ ልጅ አይቻለሁ፤ አንጀቴን በላው። ለአጭር ጊዜ ባቄላ ወይም በቆሎ ይሻላል፤ በሳምንት ገደማ ይበቅላሉ።

ስንት ብር ያስወጣል?

ምንም ባያስወጣ እንመርጣለን። ካርቶን ከሱቅ በነፃ ይገኛል። ማርከርና ማስቲሽ ትምህርት ቤቱ ያውሳል። ሚዛን፣ ቴርሞሜትርና ሜትር ከቤተ ሙከራ ተፈርሞ ይወሰዳል። ለብልጭልጭ ወረቀትና ለቀለም ፕሪንት የምንሰጠው ነጥብ የለም፤ ይህ የታሰበበት ነው። የወላጅ ኪስ እንዲወዳደር አንፈልግም።

ከምወዳቸው ሥራዎች አንዱ የተሠራው በአንድ ሃይላንድ ነው። ልጅቱ የጠርሙሱን አናት ቆርጣ ገልብጣ እንደ ማጥለያ ከተተችው። ሥሩ ላይ ጠጠር ጨምራ፣ ጠጠሩን እስኪሸፍን ውሃ ሞላችና ጎኑ ላይ ማስመሪያ በፕላስተር ለጠፈች። ዝናብ መለኪያ ሆነ። ከዚያ ሒሳቡ መጣ፤ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። የቤታቸው ቆርቆሮ የሚሸፍነው 40 ካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ አንድ ቀን 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ ጣራቸው ላይ 400 ሊትር ወርዷል፤ ባለ 20 ሊትር 20 ጀሪካን ማለት ነው። ይህን ያሰላችው በየቀኑ ጀሪካን የምትሸከም ልጅ ናት። አባቷ በክረምቱ አሸንዳ ገጠመ።

ማስታወሻ ደብተሩ ለምን ግዴታ ሆነ?

ዳኞች ከካርቶኑ በፊት የሚከፍቱት እሱን ስለሆነ ነው። ካርቶን በአንድ ሌሊት ይሠራል፤ ደብተር አይሠራም። ተራ ባለ 50 ሉክ ደብተር ይበቃል። በየቀኑ ቀን ይጻፍበት፣ የታየው ይጻፍበት፣ የተሳሳተው በአንድ መስመር ይሰረዝ እንጂ ገጹ አይቀደድ።

አንዲት የ5ኛ ክፍል ተማሪ ባቄላ በንጹሕ ውሃና በሳሙና እጣቢ ስታጠጣ ቆየች። ደብተሯ ላይ እንዲህ ይላል፦ "መጋቢት 12። ድመቷ አንዱን ኩባያ ደፋችው። የሳሙናው 9 ቀረ። ድመቷን ተቆጣኋት።" ከዚያ በኋላ ያለው ስሌት ሁሉ በ9 ነው፤ በ10 አይደለም። ማንም ሳይነግራት የጎደለውን ጎደለ አለች። ወረቀቱ ላይ የውሃ ጠብታ ደርቆ ቀለሙን አፍስሶታል። እኔ ያንን ገጽ በማሽን ከታተመ 20 ገጽ አልለውጠውም።

በምን ቋንቋ ይቀርባል? በቡድንስ ይቻላል?

በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በእንግሊዝኛ፤ ልጁ ደፍሮ በሚያስረዳበት። ጎብኚው በሌላ ቋንቋ ቢጠይቅ ቀላቅሎ ቢመልስ ነውር የለበትም፤ ጅማ ውስጥ እንደዚያ ነው የምናወራው።

በቡድን የሚፈቀደው ሁለት ልጅ ብቻ ነው። ዳኛው ለየብቻ ስለሚጠይቃቸው ሁለቱም ሙሉውን ሥራ ማወቅ አለባቸው።

ልጄ ሰው ፊት ይርበተበታል። ምን ይሻላል?

በቃል ማስጠናቱን ይተዉት። በቃል ያጠና ልጅ መሐል ላይ አንድ ቃል ሲጠፋው ሁሉም ይጠፋዋል። ይልቅ ማታ ቡና ሲፈላ ጎረቤት ባለበት "እስቲ የምትሠራውን ንገረን" ይበሉት። ከዚያ የእውነት ይጠይቁት፤ ያልገባዎትን። ሦስት አራት ማታ እንደዚህ ያለፈ ልጅ ጠረጴዛው ኋላ ሲቆም እግሩ አይንቀጠቀጥም። "አላውቅም፣ እሱን አልሞከርኩትም" ማለት እንደሚቻልም ይንገሩት። ዳኞቻችን ይህን መልስ ያከብራሉ።

መብራት ቢጠፋስ?

ይጠፋል ብላችሁ ተዘጋጁ። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ይሁን፤ ካልሆነ ሲሠራ የተነሳ ፎቶ ካርቶኑ ላይ ይለጠፍ። ልጅ የሠራው፣ 220 ቮልት ሶኬት ላይ የሚሰካ ዕቃ ጭራሽ አይገባም።

ምን ምን አይፈቀድም?

አሲድ፣ ቤንዚን፣ ርችት፣ ስለት ያለው ነገር፣ የሰው ደም መውሰድ፣ እንስሳ መጉዳት። ለሰው የሚዋጥ ወይም የሚቀባ "መድኃኒት" አዘጋጅቶ ማስቀመስም ክልክል ነው፤ ከአያት የተማሩት ቢሆንም። ተክሉን ማሳየት፣ ስሙንና ለምን እንደሚሉት መጻፍ ይቻላል።

ሁለት ነገር ግን አስረግጬ ልንገራችሁ። አንደኛው ከሰል ነው። ከሰልም ሆነ ከቡና ገለፈት የተሠራ ጡብ በዝግ ክፍል ውስጥ አይሞከር። ጭስ ባይታይም የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፤ ሰው ይገድላል። ሙከራው ግቢ ላይ፣ አዋቂ ባለበት ይሁን። ሁለተኛው ውሃ ነው። የሽፈራው ዘር ተፈጭቶ ድፍርስ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጭቃውን አያይዞ ወደ ታች ያወርደዋል፤ ውሃው ዓይን እያየ ይጠራል። ድንቅ ሥራ ነው፤ በየዓመቱ አንድ ሁለት ልጅ ይዞት ይመጣል። ግን የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም፤ ጀርሙ አይታይም። ማንም እንዳይቀምሰው ጠርሙሱ ላይ በትልቁ ይጻፍ። ከወንዝ ውሃ የሚቀዳ ልጅም ብቻውን አይሂድ።

ወላጅ ምን ያህል ነው መርዳት ያለበት?

ይህን ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል፤ የሚያስቡበት ወላጆች ናቸው የሚጠይቁት። እኔ የምለው፣ እጅዎን ለልጁ ያበድሩ እንጂ ሐሳብዎን አይተኩ። ሚስማር ለመምታት ጉልበት ካነሰው ይምቱለት። የት ይመታ የሚለውን ግን እሱ ይወስን። ገበያ ይውሰዱት፣ ከአያቱ ጋር ያገናኙት፣ እሳቱ አጠገብ ይቁሙለት። ካርቶኑ ላይ ያለው ፊደል ቢንጋደድ አያርሙት። አንድ የፊደል ግድፈት ካርቶን ላይ ቢታይ ማንንም አይጎዳም፤ እናቱ የጻፈችለት ካርቶን ፊት የቆመ ልጅ ግን አንገቱን ይደፋል። አይቼዋለሁ።

እኔም በመጀመሪያው ዓመት ተሳስቻለሁ። አንድ ተማሪ ይዞት የመጣው ጥያቄ ደካማ መሰለኝና "እንዲህ ብትለውጠውስ?" እያልኩ የራሴን ጥያቄ ሰጠሁት። ልጁ ጨዋ ነው፤ እሺ አለ። ሥራው ጥሩ ሆነ፤ ተመሰገነም። ዓመቱ ሲያልቅ "ቲቸር፣ የኔን መቼ ልሥራው?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ልጅ ርዕስ ሲያመጣ የምጠይቀው "እንዴት ልታውቀው አሰብክ?" የሚለውን ብቻ ነው።

ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ሞዴል ብንገዛስ? ሁሉም ይገዛል።

ሁሉም አይገዛም፤ የገዛውም ይታወቃል። የተገዛው ሞዴል የልብ ቅርጽ ይሁን የግድብ፣ ቀለሙ ልክ ነው፤ ጥርት ያለ ነው። "ይህ ቱቦ ለምን እዚህ ጋ ታጠፈ?" ሲባል ግን ልጁ ዓይኑ ወደ ወላጁ ይሄዳል። ያንን ዓይን ማየት አልወድም። ጥፋቱ የልጁ አይደለማ።

ሞዴል መሥራት ራሱ ግን ክልክል አይደለም፤ ጥያቄ ይኑረው። አንዲት ተማሪ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት በካርቶን ሠራች። ጥያቄዋ በረንዳው ለግድግዳው ምን ይጠቅመዋል የሚል ነበር። ሁለት ቤት ሠራች፤ አንዱ ሰፊ ታዛ አለው፤ አንዱ የለውም። ግድግዳቸውን በጭቃ መረገች። ከዚያ በቀዳዳ ቆርቆሮ እኩል ውሃ አርከፈከፈችባቸው። ታዛ የሌለው ግድግዳ ጭቃው ታጥቦ ወረደ፤ ሌላው ዳር ዳሩን ብቻ ረጠበ። ካርቶኑ ተጣሟል፤ ጭቃው ጠረጴዛ ላይ ፈሷል። ከዚያ በኋላ ጅሬን ስወጣ መጀመሪያ የማየው ታዛውን ነው።

ቻትጂፒቲ መጠቀም ይቻላል?

ለመጠየቅ ይቻላል። ያልገባውን ቃል ያስረዳው፣ ከእንግሊዝኛ ይተርጉምለት፣ "ሙከራዬ ላይ ምን የረሳሁት ነገር አለ?" ብሎ ይጠይቀው። የጠየቀውንና ያገኘውን መልስ ደብተሩ ላይ ከነቀኑ ይጻፍ። ይህ እንደ ማንኛውም ሰው ምክር ነው።

የማይቻለው ሁለት ነገር ነው። ማስታወሻውን እንዲጽፍለትና ውጤቱን እንዲሞላለት ማድረግ። አንድ ዓመት የአዌቱን ውሃ ድፍርስነት ከከተማው በላይና በታች ያነጻጸረ ሥራ ቀረበልን። ቁጥሮቹ ሥርዓት ያላቸው ናቸው፤ በየሳምንቱ እኩል እኩል ይጨምራሉ። ወንዝ እንደዚያ አያደርግም። አንድ ሌሊት ዘንቦ ያድርና ቁጥሩ ይገለበጣል። ልጁን ለብቻው ጠርቼ "የቱ ጋ ነው የቀዳኸው?" አልኩት፤ ዝም አለ። አልቀጣነውም። ጠርሙስ ሰጥተነው ለሦስት ቅዳሜ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ሄዶ ቀዳ። ጠርሙሱ ሥር መስቀል የተሳለበት ወረቀት አድርጎ፣ መስቀሉ እስኪጠፋ ድረስ ስንት ሴንቲ ሜትር ውሃ እንደገባ ለካ። ሦስት ቁጥር ብቻ ይዞ ቀረበ። ሦስቱም የእሱ ነበሩ።

ለምን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ የለም?

ነበረ፤ ትተነዋል። የቃለ መጠይቅ ሥራን ከባቄላ ጋር በአንድ ሚዛን መመዘን አልቻልንም። ደረጃ ሲኖር ደግሞ ልጆች የሚመርጡት ዳኛ የሚወደውን እንጂ ራሳቸውን የሚያስገርማቸውን አልነበረም። አሁን እያንዳንዱ ልጅ ከሁለት ዳኞች በእጅ የተጻፈ አንድ ገጽ አስተያየት ይቀበላል። ዳኞቹ አስተማሪዎችና ፈቃደኛ ወላጆች ናቸው፤ አናጢም አለ፣ ነርስም አለች፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምርም አለ። "ከየት አመጣኸው? እንዴት ለካህ? ምን አልሆነልህም? እንደገና ብትሠራው ምን ትለውጣለህ?" እነዚህን አራት ጥያቄዎች ሁሉም ይጠየቃል። ከቤት ተዘጋጅቶ መምጣት ይቻላል።

ዋንጫ የለም ብለው ቅር የሚሰኙ ወላጆች አሉ፤ ቅሬታቸው ይገባኛል። ያቺ አንድ ገጽ ግን ከዓመት በኋላም ደብተር ውስጥ ተጣጥፋ አግኝቻታለሁ።

ሙከራው ካልሠራስ? ውጤቱ ተቃራኒ ከሆነስ?

እንዳለ ይዞ ይቅረብ። ይህን ስል ለማጽናናት አይደለም።

አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ከቡና ገለፈት የማገዶ ጡብ ሠራ። ጀንፈል፣ ማለትም ከነልጣጩ የደረቀ ቡና፣ ሲፈለፈል ወደ ግማሽ የሚጠጋው ክብደት ገለፈት ነው፤ እዚህ አገር ደግሞ ክምሩ ብዙ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። 1 ሊትር ውሃ በጡቡና በከሰል እያፈላ የቱ ቶሎ 100 ዲግሪ እንደሚያደርስ መለካት ጀመረ። ውሃው ይንተከተካል፤ ቴርሞሜትሩ ግን 94 ላይ ይቆማል። ቢጠብቅ ቢጠብቅ ከዚያ አያልፍም። ደብተሩ ላይ "ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል" ብሎ ጽፎ የአራት ቀን ሥራ ሰረዘ። ሌላ ቴርሞሜትር ተዋሰ። እሱም 94። እንባው እየመጣ ቢሮ ገባ።

የተበላሸ ነገር አልነበረም። ውሃ 100 ላይ የሚፈላው በባሕር ወለል ከፍታ ነው። ጅማ 1,780 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ በየ300 ሜትሩ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ይላል። አስሉት፤ 94 ይመጣል። ልጁ ቁጭ ብሎ ራሱ አሰላው። "መጽሐፉ ስለ ጅማ አልነበረም እንዴ የሚያወራው?" አለ። የሰረዛቸው አራት ቀናት በሙሉ ትክክል ነበሩ። ጡቡ ግን ከከሰሉ ዘግይቶ ነው ያፈላው፤ ያንንም በትልቁ ጻፈው። በዚያ ቅዳሜ ሰው የተሰበሰበው ጡቡን ለማየት አልነበረም። 94ቷን ለማየት ነው።

ልጄ ከየሱቁ ማር ገዝታ ልትፈትሽ ነው። የሱቆቹን ስም መጻፍ ትችላለች?

አትችልም። ሀ፣ ለ፣ ሐ ብላ ትጻፍ። ቤት ውስጥ የሚደረጉት መፈተሻዎች፣ ውሃ ውስጥ ጠብ ማድረግም ሆነ ክብሪት መለኮስ፣ ስኳር የገባበትን ማር አስተማማኝ በሆነ መንገድ አይለዩም። የማር ውፍረት እንደ እርጥበቱና እንደ ሙቀቱ ይለያያል። ልጅቱ በዚህ ተነስታ የሰው እንጀራ ላይ ስም ብትለጥፍ ማስተካከል አይቻልም። ይልቅ መፈተሻዎቹን ራሳቸውን ትፈትን፤ አንዱን ማር ራሷ ስኳር ጨምራበት፣ ሰፈርተኛው የሚያምንበት ዘዴ ይለየው እንደሆነ ትይ። እሱ የበለጠ ጠንካራ ጥያቄ ነው።

ከአዛውንቶች ታሪክ ለሚሰበስቡም እንዲሁ። ስልክ ላይ ከመቅዳት በፊት ፈቃድ ይጠየቅ፤ የተጻፈው ተመልሶ ይነበብላቸው፤ "ይህንን አውጣው" ካሉ ይወጣል።

ባለፈው ዓመት ሌላ ልጅ የሠራውን መድገም ይቻላል?

ይቻላል፤ እንዲያውም ብዙ ልጅ ቢደፍረው እመኛለሁ። ወላጆች "ኮፒ" ይሉታል። ኮፒ የሚሆነው የሌላውን ቁጥር ሲገለብጥ ነው። ሥራውን እንደገና ሠርቶ የራሱን ቁጥር ሲያመጣ ግን ምርምር የሚባለው ራሱ ነው። በአካባቢያችን ገበሬዎች የሚተክሏቸው 74110 እና 74112 የሚባሉት የቡና ዝርያዎች ስማቸው ከየት መጣ? የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የተመረጡበትን ዓመት ይናገራሉ፤ በፈረንጆቹ 1974። ፍሬውን የሚያጠቁረው በሽታ በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1971 አገራችን ውስጥ ከታየ በኋላ የሚቋቋም ዛፍ ፍለጋ ተጀመረ። ያ ዛፍ አንዴ ታይቶ አይደለም ለገበሬ የተሰጠው። በየቦታው እየተተከለ፣ በየዓመቱ እየታየ ነው።

የሃይላንዱ ዝናብ መለኪያም አልቆመም። የሠራችው ልጅ 8ኛ ክፍል ስትደርስ ደብተሩን ለጎረቤቷ ልጅ ሰጠችው። እሱ ቀጠለ፤ ጠርሙሱን ለወጠው፣ ደብተሩን ግን አልለወጠውም። አሁን ሦስተኛ እጅ ላይ ነው፤ ሦስት ዓይነት የእጅ ጽሑፍ አለበት። የዘንድሮዋ ልጅ ሰኔ ላይ 8ኛን ጨርሳ ለ9ኛ ክፍል ወደሌላ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ደብተሩን የሚረከብ ልጅ ካለ ቤተ መጻሕፍት መጥቶ ስሙን ያስመዝግብ። መለኪያው ያለው ከውሃ ታንከሩ ጎን፣ ዛፍ የማይጋርደው ቦታ ላይ ነው። በየጠዋቱ ከሰልፍ በፊት ይነበባል።